የቀዛፊዋ ወንበር

አጋዘኑ ቁልቁለቱን ሲያያዘው የበረዶ ጋሪዋ ከኋላው እየተንደረደረች ልትቀድመው ምንም አልቀራት። ክሬታ ከጋሪዋ ጀርባ የታሰረውን ጠፍር በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ተረከዟን በረዶው ውስጥ እየቀበረች ወደ ኋላ ትጎትታለች። ጋሪዋ ላይ ባሏ ኢሳኪ በቆዳ ተጠቅልሎ ተጋድሟል። ዓይኖቹ በጥቁር ጨርቅ ታስረዋል።

«ቀስ በይ እንጂ ሴትዮ! ልትደፊኝ ነው?»

«እኔ ምን ላድርግ? ቁልቁለቱ ነው።»

«ገደል አለው?»

«የለውም።»

«እየዋሸሽኝ ነው።»

«ትንሽ አለው» አለች ክሬታ።

ከፊት ሆኖ አጋዘኑን የሚመራው ፒየራ ሳቁን ለቀቀው። ፒየራ ተራራው ላይ አጋዘን ከሚያረቡት የሳሚ ሰዎች አንዱ ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ እግሩ ግን አላረጀም። ከቶርኒዮ ወንዝ ላይኛው ዳር አንስቶ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በበረዶው ላይ እየመራ ያመጣቸው እሱ ነው።

«ልጄ» አለ ዘወር ሳይል፣ «‹ከዓይንህ ሥር ጥላሸት ተቀባ፣ ፊትህንም በስስ ጨርቅ ሸፍን፤ የመጋቢት ፀሐይ በረዶ ላይ ስታርፍ ዓይን ታጠፋለች› ብዬህ ነበር። ምን ነበር ያልከኝ?»

ኢሳኪ ቆዳውን እስከ አገጩ ሳበው።

«ንገራቸው እንጂ» አለች ክሬታ።

«‹እኔ ወንድ ነኝ፣ እንደ ሙሽራ አልከናነብም› አልኳቸው» አለ ኢሳኪ ከቆዳው ሥር።

«ጎሽ! እንግዲህ አሁን ሙሽራዋ አንተ ነህ። ተጋድመህ ትሄዳለህ፤ እኛ እናጅብሃለን።»

ክሬታ ሳቀች። ኢሳኪም ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፣ ሳቁ ቀደመው። ሲስቅ ግን ዓይኑ ውስጥ የተበተነው አሸዋ የሚመስል ሕመም ተነሳበትና ጨርቁን በመዳፉ ደግፎ ያዘ።

ከመጨረሻው ጉብታ አናት ሲደርሱ ክሬታ ጠፍሩን እንደያዘች ቆመች። ከሥራቸው ባሕሩ ተዘርግቷል። አገር ምድሩ ሁሉ በበረዶ ታስሮ እያለ ያ ሁሉ ውኃ አልረጋም፤ ይንቀሳቀሳል።

«ምን ሆንሽ?» አለ ኢሳኪ።

«ባሕሩ።»

«እንዴት ያለ ነው?»

ክሬታ ቃል ፈለገች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከወንዝ ሌላ ውኃ አላየችም። «ፊት ለፊት ሩቅ ተራራ ይታያል» አለች በመጨረሻ። «በፀሐይ መውጫ በኩል ግን ማዶ የለውም።»

«ማዶ ከሌለው የት ነው የሚያበቃው?»

«እኔ ምን አውቄ! ሲሻልህ ራስህ ታየዋለህ።»

ፒየራ ግን እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ሌላ ነገር ያይ ነበር። ከዳር ብዙም ሳይርቅ የባሕር ወፍ እንደ ጭስ ተነስቶ ይወርዳል፣ ይጮኻል። ከወፎቹ መካከል የዓሣ ነባሪ ትንፋሽ ብቅ አለና ተበተነ። ሽማግሌው ምላሱን በላንቃው ላይ አጮኸ።

«ዓሣው ቀድሟችኋል» አለ። «በየዓመቱ ከመጋቢቱ የብሥራት በዓል በኋላ ነበር የሚመጣው። ፍጠኑ።»

ያለፈውን ዓመት የወንዙ ዳር ሰው ሁሉ አይረሳውም። በረዶው እስከ ሰኔ አልለቀቀም፤ የተዘራው ገብስ ሳያፈራ በመስከረም መግቢያ ውርጭ መታው። ሰው የጥድ ቅርፊት ፈጭቶ ዳቦ ጋግሮ በላ። ኢሳኪ ጥሩ አናጢ ነበር፤ ነገር ግን እህል በጠፋበት አገር ቤት የሚያሠራ የለም። ያን ጊዜ ነው ከሰሜን፣ እኛ ሩይያ ከምንለው የኖርዌይ የባሕር ዳር አገር፣ መልእክት የመጣላቸው። መልእክቱን የላከው ከሃያ ዓመት በፊት ከዚያው መንደር ወጥቶ የሄደው ኤሪኪ ነበር። ዛሬ የራሱ ጀልባ ያለው፣ «አለቃ ኤሪኪ» የሚባል ሰው ሆኗል። «ከብሥራት በፊት ከደረስክ ከጀልባዬ አንድ ወንበር ያንተ ነው» ብሎታል። ወንበር ያለው ሰው ከያዘው ዓሣ ድርሻ አለው፤ ድርሻ ያለው ሰው በልቶ ያድራል። ነገሩ ይኸው ነው።

ለብሥራት ገና ሁለት ቀን ቀርቷል።

ኤሪኪ የሚኖርባት የባሕር ዳር ከተማ የመጀመሪያ ጭስ ሲታይ ኢሳኪ ጋሪዋ ላይ ተነስቶ ተቀመጠና ጨርቁን ከዓይኑ ፈታ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለች ክሬታ።

«በእግሬ እገባለሁ። አንቺ ክንዴን ያዥኝ፤ ሰው ሲያይ እንደ ባልና ሚስት ነው። ‹አሁን በቀኝህ ነው፣ አሁን በግራህ ነው› እያልሽ በሹክሹክታ ምሪኝ።»

«ነገ ጀልባው ላይስ ማን ይመራሃል?»

«የነገውን ነገ! ነገ ይሻለኛል።»

ፒየራ ራሱን ነቀነቀና አጋዘኑን ጎተተ። በባልና ሚስት መካከል የሚገባ ሰው አልነበረም።

አለቃ ኤሪኪ ከግንድ የተሠራ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ መንጠቆ እየሳለ ነበር። ረጅም፣ አፍንጫው እንደ ጭልፊት የቆለመመ፣ ጢሙ በጨውና በነፋስ የደረቀ ሽማግሌ ነው። አጠገቡ ሁለት ጎልማሶች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆመዋል፤ ሥራ ፈላጊዎች መሆናቸው ከአቋቋማቸው ያስታውቃል። ሚስቱ ቫልፑሪ ደግሞ የዓሣ ማድረቂያው ቆጥ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ገመድ ትፈታለች።

«እንኳን በደህና መጣችሁ! የወንዛችን ልጆች!» አለ ኤሪኪ እጁን ዘርግቶ።

«በቀኝህ» አለች ክሬታ በሹክሹክታ።

ኢሳኪ እጁን ዘረጋ፤ ከአለቃው ክንድ አልፎ ከሁለቱ ጎልማሶች የአንዱን ሆድ ጨበጠ። ሰውየው «ምነው ወዳጄ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ።

ኤሪኪ እጁን ሰበሰበ። የኢሳኪን ያበጡና ዕንባ የሚያፈሱ ዓይኖች ትንሽ አየና፣ ቀበቶው ላይ ከሰካው የሱፍ ጓንት አንዱን መዞ ወደ ደረቱ ወረወረው። ጓንቱ ደረቱን እስኪመታው ድረስ ኢሳኪ አልተንቀሳቀሰም።

«ዓይንህ ምን ሆነ?»

«ጭስ ነው፣ ጌታው።»

«የምን ጭስ?»

«በረዶ መትቶት ነው» አለች ክሬታ። «ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ይድናል።»

ኢሳኪ ክንዱን ከእጇ መንጭቆ አወጣ።

«አትቆጣት» አለ ኤሪኪ፣ ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። «እኔንም በወጣትነቴ መትቶኛል። ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ቡችላ ስዳክር ነበር። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ግን ልጄ፣ ዓሣው ቀድሞ ገብቷል። ነገ ጎህ ሲቀድ በአራት ቀዛፊ መውጣት አለብኝ። አንድ ሰው ወንበር ከያዘ ደግሞ የዓሣው ወራት እስኪያልቅ አላስነሳውም፤ በዚህ ዳር ሕጉ እንደዚያ ነው።» ወደ ሁለቱ ጎልማሶች ዞር አለ። እነሱም እጃቸውን ከደረታቸው አወረዱ።

ክሬታ ምን እንደምትናገር ሳታስብ አፏ ቀደማት።

«እኔ እቀዝፋለሁ።»

ከጎልማሶቹ አንዱ፣ ሆዱን የተጨበጠው፣ ሳቀ። ሌላው «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ፤ ሰምቶ ነበር።

«እሱ እስኪድን ወንበሩን እኔ ልያዝለት፣ አለቃ። ለማንም አይስጡብን።»

«መቅዘፍ የት ተማርሽ?»

«በወንዛችን ነዋ! ሳልሞን ዓሣ ሲጠመድ መረቡን የሚጥለው ወንድ ነው፤ ጀልባዋን ይዛ ውኃው ላይ የምታቆመው ሴት ናት። እኔ ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ለአባቴ ቀዝፌያለሁ። አለቃ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ረስተውት ካልሆነ በስተቀር የእርስዎም እናት ይቀዝፉ ነበር።»

«የት ይረሳል!» አለች ቫልፑሪ ከበርጩማዋ። «በመቅዘፊያቸው ጀርባውን ያሉትን ቀን እስከ ዛሬ እንቅልፉ ላይ ያወራዋል።»

«ዝም በይ አንቺ» አለ ኤሪኪ። ጢሙ ግን ተንቀሳቀሰ። ቀርቦ የክሬታን ቀኝ መዳፍ ገለበጠና በአውራ ጣቱ ጫን አለው። ከጣቶቿ ሥር በተርታ የበቀለው ጥጥር ቆዳ እንደ ድሮ ጠባሳ ጠንክሯል።

«ሴት ጀልባ ላይ ከወጣች ዓሣው ይሸሻል» አለ ሆዱን የተጨበጠው።

«ያንተን ፊት አይቶ ያልሸሸ ዓሣ ከሷ አይሸሽም» አለችው ቫልፑሪ።

ኤሪኪ የክሬታን እጅ ለቀቀ። «ሦስት ቀን» አለ። «ሦስት ቀን እሞክርሻለሁ። ነገ ካቃተሽ ነገውኑ ከነዚህ ለአንዱ እሰጠዋለሁ፤ ቅሬታ የለም።»

«ቅሬታ የለም» አለች ክሬታ።

ፒየራ አጋዘኑን አዙሮ ተሰናበታቸው። ከመሄዱ በፊት ከደረቱ ኪስ ጥላሸት የተቋጠረበት ጨርቅ አወጣና ኢሳኪ እጅ ላይ አስቀመጠ። «ለሚቀጥለው ሙሽርነትህ» አለውና የክሬታን ትከሻ መታ አድርጎ ወደ ተራራው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ቫልፑሪ በሰጠቻቸው ጠባብ ክፍል ውስጥ ኢሳኪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ።

«ዝም ብል ኖሮ ወንበሩ ሄዶ ነበር።»

«አሥራ ሁለት ቀን የተጓዝኩት ሚስቴ ባሕር ላይ ስትሞት ለመስማት ነው? እሱንስ ለማየት እንኳ ዓይን የለኝ።»

«አልሞትም።»

«በምን ታውቂያለሽ?»

ክሬታ እጅጌዋን ጠቀለለች። ወጥታ ቫልፑሪን ዓሣ በመሰንጠቅ ስትረዳ ቆየች። ስትመለስ ክፍሉ የዓሣ ጉበት ዘይት ይሸታል። ኢሳኪ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ቫልፑሪ ለነገ ያዋሰቻትን የቆዳ ልብስ ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ በዳበሳ ስፌት ስፌቱን እየፈለገ ዘይቱን ያሻል። ውኃ የሚገባው በስፌት በኩል መሆኑን አናጢ ያውቃል። ክሬታ በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየችው። ከዚያ አጠገቡ ተቀምጣ ሌላኛውን እጅጌ ያዘች። 

ጎህ ሲቀድ የጀልባው ሰዎች ዳር ላይ ተሰብስበዋል። ሁለቱ ከወንዛችን ላይኛው ዳር የመጡ መንትዮች ናቸው፤ አንዱ የጀመረውን ወሬ ሌላው ይጨርሰዋል። ሦስተኛው አንቶን የሚባል ኖርዌያዊ ነው፤ ሚስቱ የኛ ሰው ስለሆነች ቋንቋችንን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። ጀልባዋ ከእንጨት የተሠራች፣ ቅጥራን የጠጣች፣ አፍንጫዋ ከፊትም ከኋላም ቀና ያለ ናት።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለ አንቶን።

«ቀዛፊያችን ናት» አለ ኤሪኪ።

«እኔ ከሴት ኋላ አልቀዝፍም።»

«እንግዲያው ከፊቷ ቅዘፍ።»

መንትዮቹ ሳቁ። አንቶን ምራቁን አሸዋው ላይ እንትፍ አለና ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ፤ ከክሬታ ፊት ያለውን ነበር የያዘው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። መቅዘፊያ ያው መቅዘፊያ ነው፤ ክሬታ የአንቶንን ጀርባ እያየች ምቱን ያዘች። የሱፍ ጓንቷን እንደ መከሯት የባሕር ውኃ ውስጥ ነክራ ነው ያጠለቀችው፤ እርጥቡ ሱፍ ይሞቃል። ከከተማዋ ፊት ለፊት ካለችው ደሴት አልፈው ወደ ሰፊው ሲወጡ ግን ውኃው ከሥሯ መተንፈስ ጀመረ። ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ሰው የሚሄድበትን ያውቃል። ይህ ግን ያነሳል፣ ይቆያል፣ ይጥላል።  መቅዘፊያዋን ሳትለቅ በጎን ጎንበስ አለችና አስታወከች።

«ለዓሦቹ ቁርስ አመጣሽላቸው?» አለ አንቶን ዘወር ብሎ።

ክሬታ አፏን በእጅጌዋ ጠረገች። «ጀርባህን ለረጅም ሰዓት ሳይ ነው ያቅለሸለሸኝ።»

«እውነቷን ነው» አለ አንደኛው መንትያ።

«እኛንም ያቅለሸልሸናል» አለ ሌላው።

አንቶን ተሳደበ፤ በራሱ ቋንቋ ስለነበር ማንም አልተቀየመም።

ወፎቹ ከሚንጫጩበት ሲደርሱ ኤሪኪ መቅዘፊያ እንዲያቆሙ በእጁ አሳየ። ውኃው በትንንሽ ብርማ ዓሦች ይፈላል። የእርሳስ ብረትና መንጠቆ የተንጠለጠለባቸውን ረጃጅም ገመዶች ጣሉ። ክሬታ ገመዱን በጣቷ ላይ አሳልፋ ጠበቀች፤ ብዙም አልጠበቀች። ከታች አንድ ነገር ያዘና ሊያስከትላት ወደ ታች ጎተተ። ጉልበቷን ጀልባዋ ጎን ላይ አስደግፋ ክንድ በክንድ ሳበች። ውኃው ተከፍቶ ኮድ የሚሉት ትልቅ ዓሣ ብቅ አለ፤ ሆዱ ነጭ፣ አገጩ ላይ ትንሽ ጢም ያለው፣ ርዝመቱ ከክንዷ የሚበልጥ። ጀልባዋ ወለል ላይ ሲወድቅ እግሯን በጅራቱ መታት።

«ጢሙ አለቃን ይመስላል» አለች ሳታስበው።

ሽማግሌው ኤሪኪ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ገመዱን ሲስብ ቆየ። እኩለ ቀን ሲሆን ዓሣው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል። ቂጣና ቅቤ በሉ፣ ውኃ የተቀላቀለበት አጓት ጠጡ። የክሬታ ሆድ ዝም አለ። ቀና ብላ ማዶ የሌለውን ጎን አየችው፤ አሁን አላስፈራትም። እንዲያውም ልቧ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የነበረ አንድ ክፍል መስኮቱ የተከፈተ መሰላት። ምን እንደሆነ ግን ራሷንም አልጠየቀችም።

ነፋሱ የተነሳው ሊመለሱ ሲሉ ነው። ከደቡብ ምዕራብ መጣ፤ ጀልባዋ ከብዳለች፤ በደሴቷና በየብሱ መካከል ያለው መተላለፊያ ላይ ደግሞ በየቀኑ ከዳር እየሸሸ የሚወጣው የባሕር ውኃ ከነፋሱ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጥሟል። ሞገዱ ነጭ ጥርስ አወጣ። ኤሪኪ መሪውን በብብቱ ይዞ «በርቱ!» ይላል፤ የሚረጨው ጨው ዓይኑን እየመታው ያሻዋል።

በዚህ መካከል የአንቶንን ግራ መቅዘፊያ ከጀልባዋ ጎን ጋር የሚያይዘው የጠፍር ቀለበት ተበጠሰ። መቅዘፊያው ባዶ አየር ቀዘፈ፣ አንቶንም በጀርባው ክሬታ ጉልበት ላይ ወደቀ። ጀልባዋ ጎኗን ለሞገዱ ሰጠች። ውኃ ገባ፤ ዓሦቹ ተንሳፈፉ።

ክሬታ ወገቧ ላይ የታጠቀችውን እናቷ የሸመነችላትን መቀነት ፈታች። «እሰርበት!» ብላ የአንቶን ጭን ላይ ጣለችለት። እሱ ሲያስር እሷ ወንበሯ ላይ ዞራ ፊቷን ወደ ጀልባዋ አፍንጫ አደረገች። በወንዛችን ውኃ ሲንደረደር እንደ ባሕር ቀዛፊ ለሚሄድበት ጀርባ ሰጥቶ የሚቀዝፍ የለም፤ መቅዘፊያውን እየገፋ ፊት ለፊቱን ያያል። እሷም እየገፋች አየች።

ባሕሩን አታውቀውም ነበር፤ ይህንን ግን አወቀችው። ከነጩ ሞገድ መካከል፣ ከተለመደው መንገድ በግራ በኩል፣ አንድ ለስላሳና ጥቁር ውኃ እንደ ምላስ ተዘርግቷል። ምላስ ያለበት ውኃ ጥልቅ ነው፤ ድንጋይ የለበትም። ይህንን አባቷ አልነበረም ያስተማራት፤ የወንዙ ልጅ ሁሉ ሲወለድ ጀምሮ ያውቀዋል።

«አለቃ! በግራ ነው! ለስላሳው!»

«እዚያ ተሄዶበት አያውቅም!» ጮኸ አንቶን።

ኤሪኪ ዓይኑን ጨው ይዞታል፤ አያይም። መሪውን በብብቱ ጠበቅ አደረገ። ሰው ሃያ ዓመት የኖረበትን ውኃ ትናንት ለመጣች ሴት ሲያስረክብ ቀላል አይደለም።

«እሷ እንዳለችው!» አለና መሪውን ገፋ። «ምሪኝ! ድምፅሽን አታቋርጪ!»

«ወደ ግራ... ትንሽ... ይበቃል! ቀጥ! አሁን ሁላችሁም!»

ሁሉም ገፉ፣ ሳቡ። ለስላሳው ውኃ ጀልባዋን ከሥሯ ተቀበላትና እንደ ሕፃን አዝሎ በሁለት የነጭ ሞገድ ግድግዳ መካከል አሳለፋት። ከደሴቷ ጥላ ሲገቡ ነፋሱ ድንገት ዝም አለ።  መንትዮቹ ውኃውን በእንጨት ጭልፋ ወደ ውጭ ይጨልፋሉ።

አንቶን መቅዘፊያው ላይ የታሰረውን ቀይና ሰማያዊ መቀነት ሲያይ ቆየና «ይሄ ቋጠሮ መልካም አይደለም» አለ።

«ያንተ ቋጠሮ ነዋ» አለች ክሬታ።

«እሱማ ነው። ነገ አንቺ ትቋጥሪዋለሽ።»

ዳር ላይ ኢሳኪ ቆሞ ነበር። ጨርቁን ፈትቶ በመዳፉ ጥላ ሥር ዓይኑን እያጨናበሰ የሚገባውን ጀልባ ሁሉ ሲያይ ውሏል፤ የሚታየው ግን ጥላ ብቻ ነው። ቫልፑሪ አጠገቡ ሆና ትነግረዋለች፤ «ይሄ አይደለም... ይሄም አይደለም...» የእነ ኤሪኪ ጀልባ አሸዋውን ስትነካ አንዲት ጥላ ዘልላ ውኃው ውስጥ ቆመችና ጀልባዋን መጎተት ጀመረች።

«ክሬታ?»

«ምነው?»

«በአካሄድሽ አወቅኩሽ» አለና ጫማው ውኃ እየገባበት ሄዶ ገመዱን አብሯት ያዘ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ዓይኑ ዳነ። በአራተኛው ቀን ወንበሩ የእሱ ስለሆነ የቆዳውን ልብስ ለብሶ ወጣ። ክሬታ ዳር ቀርታ ዓሣ ሰነጠቀች፤ ጭንቅላቱን ቆርጣ ሁለት ሁለቱን በጅራታቸው አስራ ቆጡ ላይ ሰቀለች። ሥራው ክፉ አልነበረም፤ ከሴቶቹ ጋር ሲስቁ ነው የዋሉት። ዓይኗ ግን በየደቂቃው ወደ ደሴቷ ይሄድ ነበር። ቫልፑሪ አይታታለች።

ጀልባዋ ስትመለስ ኢሳኪ ከሁሉም በኋላ ወረደ። ከመውረዱ በፊት ጎንበስ ብሎ የጀልባዋን ጎን በጣቱ ያንኳኳ ነበር።

«እንዴት ዋለ?» አለች ቫልፑሪ ባሏን።

«ጎበዝ ቀዛፊ ነው፤ ክንዱ ብርቱ ነው» አለ ኤሪኪ። «ግን ዓሣ ሲይዝ ውሎ ዓሣውን አላየውም። ቀኑን ሙሉ የጀልባዬን የጎን አጥንት ሲቆጥር ነው የዋለው።»

«አለቃ» አለ ኢሳኪ፣ «ከታች ሁለተኛው ጣውላ በስብሷል። እዚህ ጋ፤ እጅዎን ያምጡ። ያን ቀን የጎን ሞገድ ሲመታችሁ አለመሰንጠቁ የእግዜር ሥራ ነው። ቅጥራን ሸፍኖት ነው የቆየው።»

ኤሪኪ ጣቱን ሰደደ። ጣቱ ገባ።

«ከኛ ሰፈር ጀልባ የሚጠግን ሰው ከሞተ ሁለት ክረምት ሆነ» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። «በዚህ ዳር ያለው ጀልባ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሆነው።»

«ጣውላ ስጡኝ። ጀልባዋን ከሰኞ በፊት እመልስላችኋለሁ። ከዚያ የሌሎቹን አያለሁ።»

«ወንበርህስ?»

ሆዱን የተጨበጠው ጎልማሳ ከአሥር እርምጃ ርቀት ይህንን ሰማ። ጓደኛው ክሬታ በመጣች ማግስት ሌላ ጀልባ ላይ ገብቶ ነበር፤ እሱ ግን ገና ነው። ቀረብ አለ። «ወንበሩ ከተለቀቀ እኔ አለሁ፣ አለቃ።»

ኢሳኪ ወደ ሰውየው ዞረ። አሁን በደንብ ያየዋል። ፊቱ ቀላ፤ ክሬታ ሊቆጣ ነው ብላ ፈራች። እሱ ግን ከባድ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ወንበሩ አልተለቀቀም፣ ወንድሜ» አለ። «ለሦስት ቀን ባለቤት የነበረችው እሷ ናት። ዛሬ ነው እኔ ተውሼ የዋልኩት። አሁን ለእሷ መመለሴ ነው።»

«ሴት?» አለ ሰውየው።

«አዎ፣ ሴት!» አለ አንቶን ከጀልባዋ ውስጥ። «ለስላሳውን መንገድ አንተ ታውቀዋለህ? አታውቀውም። እንግዲያው ከመንገድ ዞር በል፤ ዓሣ ላውርድበት።»

«እሷን ጠይቋት እንጂ» አለ አንደኛው መንትያ።

«ምናልባት አትፈልግ ይሆናል» አለ ሌላው።

ሁሉም ወደ ክሬታ ዞሩ። እጇ እስከ ክርኗ ድረስ በዓሣ ደም ተነክሯል፤ ጸጉሯ ከሻሿ አምልጦ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። አሳፈራት፤ ግን ሳቋ አምልጧት ነበር።

«እፈልጋለሁ» አለች።

ነገሩ ለሰውየውም አልከፋም። ኢሳኪ ጀልባ መጠገን ሲጀምር ጣውላ የሚይዝለት፣ ቅጥራን የሚያፈላለት ሰው አስፈለገውና ወሰደው። ስሙ ኡስኮ ነበር፤ እጁ ለመዶሻ እንጂ ለመቅዘፊያ እንዳልተፈጠረ በሳምንቱ ታወቀ።

በግንቦት ወር፣ በሰሜን እንደሚሆነው ፀሐይ ሌሊትም መጥለቅ ስታቆም፣ ከወንዛችን አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ በደብሩ መዝገብ ስሙን እንዲያጽፍ ታዘዘ። ቄሱ ነጭ የአንገት ልብስ የለበሱ፣ ቋንቋችንን በመጽሐፍ የተማሩ ወጣት ኖርዌያዊ ነበሩ፤ እያንዳንዱን ቃል እንደ ብርጭቆ ዕቃ እየተጠነቀቁ ያስቀምጡታል። ባልና ሚስቱ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው ፊታቸው ቆሙ። ክሬታ ወገቧ ላይ አዲስ መቀነት ታጥቃለች።

«ስም?»

«ኢሳኪ።»

«ሙያ? ዓሣ አጥማጅ ብዬ ልጻፍ?»

«ዓሣ አጥማጇ እሷ ናት፣ አባ» አለ ኢሳኪ። «እኔ አናጢ ነኝ።»

ቄሱ የላባ ብዕራቸውን ቀለሙ ውስጥ እንደነከሩ ቀሩ። የቋንቋ ስህተት መስሏቸው ጥያቄውን በዝግታ ደገሙት። ኢሳኪም መልሱን በዝግታ ደገመላቸው። ቄሱ በመዝገቡ ገጽ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም አዩ፤ ከሴቶቹ ስም አጠገብ የተጻፈው «የእገሌ ሚስት»፣ «የእገሌ መበለት» ብቻ ነው።

«ግን ይህ እንዴት ይጻፋል?» አሉ ግራ ገብቷቸው። «ከእርስዎ በፊት እንዲህ ብሎ ያጻፈ የለም። ምናልባት ወደ በላይ አለቆቼ ደብዳቤ ልኬ... በሚቀጥለው ሳምንት ብትመለሱ...»

ክሬታ ከመስኮቱ ውጭ ያለውን ባሕር አየች። ረግቷል፤ ወፎቹ ከደሴቷ ምሥራቅ ናቸው።

«በሚቀጥለው ሳምንት አልመችም፣ አባ» አለች በትሕትና። «አለቃ ኤሪኪ ወደ ሩቁ ዳር ነው የሚወስዱን። አሁኑኑ ይጻፉልኝና ልሂድ፤ ሰዎቹ ጀልባው ላይ ሆነው እየጠበቁኝ ነው።»